ቢጫ ለባሾቹና የያሕያ ጉልበት

ባለፈው ወር የደም ግፊት ክኒኔን ልገዛ ሐረር፣ ከግንቡ ውጪ ባለው አዲሱ ከተማ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ከፊቴ የስፖርት ቱታ የለበሰ ወጣት ለጡንቻ ሕመም የሚሆን ቅባት ጠየቀ፤ ሻጯ ስትሰጠው ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። ያ የካምፎርና የናና ሽታ እኔም ዘንድ ሲደርስ የት እንደቆምኩ ጠፋኝ። ሻጯ ተራዬ መድረሱን ሁለት ጊዜ ነግራኝ እንዳልሰማኋት ያወቅሁት በኋላ እሷው ስትነግረኝ ነው። በዚያች ደቂቃ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ጸጉሬን በመሀረብ አስሬ፣ ኳስ ሜዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክኬ የአንድ ሰው ጉልበት ላይ ያንኑ ቅባት እያሸሁ። ስለዚያ ጉልበት ለልጆቼ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። አሁን ግን የማፍራቸው ሰዎች አንድ በአንድ ከዚህ ዓለም ሄደው አልቀዋልና ልጻፈው።

ቡድናችን ረጅም ስም ነበረው፤ ደብዳቤ ላይ ካልሆነ ግን በዚያ ስሙ የሚጠራው አልነበረም። ለሁላችንም «ቢጫ ለባሾቹ» ነበሩ። ቢጫውም የፋብሪካ ቢጫ አልነበረም። ነጭ አቡጀዲ ተገዝቶ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ይሰፋና በርሜል ውስጥ ቀለም ይነከራል። ዝናብ የጣለ ዕለት ቀለሙ እየወረደ መጀመሪያ ነጩን ቁምጣ፣ ቀጥሎ ጭናቸውን ያቀልመዋል፤ ጨዋታው ሲያልቅ የእንቁላል አስኳል የተደፋባቸው ይመስሉ ነበር። የሌላ ከተማ ሰዎች ሲስቁብን እንናደዳለን እንጂ ቢጫውን አንጠላውም። የልጅ ልጄ ዛሬ የሚለብሰው የፈረንጅ ክለብ ማሊያ መቶ ጊዜ ቢታጠብ ቀለሙ ንክች አይልም። የሚወዳቸውን ተጫዋቾች ግን ከቴሌቪዥን ውጪ አይቷቸው አያውቅም፤ እኔ የምወዳቸውን ጠዋት ዳቦ ሲገዙ አገኛቸው ነበር። ቅዳሜ ዕለት የግብ ጠባቂው እናት ታመው እንደሆነ እሑድ ኳስ እጁ ላይ ለምን እንደሚንሸራተት ሜዳው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አይሰድበውም።

ኳስ ሜዳ የወሰዱኝ አባቴ ናቸው። አባባ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። አያቴ ከሸዋ ከጦሩ ጋር መጥተው ሐረር የቀሩ ናቸው፤ አባባ ግን እዚሁ ተወልደው ሐረሪውንም ኦሮምኛውንም እንደ አማርኛቸው ይናገሩ ነበር። ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ በልተን፣ ግራጫ ኮታቸውን ደርበው ባርኔጣቸውን ሲያነሡ እናቴ ከማድ ቤት ሆና ማጉረምረም ትጀምራለች። መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሰው ሁሉ ሴት ልጅ ኳስ ሜዳ ምን ታደርጋለች ይላቸው ነበር። ለሁሉም መልሳቸው አንድ ነው፤ «ታያለች» ይሉና ያልፋሉ። መግቢያው ስሙኒ ነበር፤ ስሙኒ የሌለው ዛፍ ላይ ይወጣል። ኦቾሎኒው በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሐሉዋው በትሪ፣ ሳንቡሳው ከነትኩሳቱ ይዞራል። ጎልማሶቹ መስመሩ በካውያ የተሳለ ተርጋል ሱሪ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን በቫዝሊን ወደ ጎን አስተኝተው ነው የሚመጡት፤ ወደ ሠርግ የሚሄዱ ይመስሉሃል። ነፋሱ ወደ እኛ ሲሆን ፈረስ መጋላ አደባባይ ካለው ሸክላ ቤት በድምፅ ማጉያ የሚለቀቀው ዘፈን ሜዳው ድረስ ይሰማ ነበር። ደጋፊው በሦስት ቋንቋ ነበር የሚደግፈው፤ አንዱ በጀመረው ቋንቋ ሌላው አይጨርስም። ሐረሪ የተማርኩት ከጎረቤት ነው፤ ያጣራሁት ግን እዚያ ቆሜ ዳኛ ሲሰደብ እየሰማሁ ነው።

አባባ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሞቱ። አርባቸው በወጣ በማግሥቱ እሑድ ነበር፤ ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ብቻዬን ሜዳ ሄድኩ። እናቴ ሐዘንተኛ ኳስ ሜዳ ሲሄድ የት ታይቷል ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ግን ሄድኩ። አባባ ሁልጊዜ ከሚቆሙበት የባሕር ዛፍ ሥር ስደርስ ቦታውን ማንም አልያዘውም ነበር። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ወደ እኔ አየና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ፤ ሰዎቹም ከግራና ከቀኝ ትንሽ ጠጋ ብለው ከነፋስ ከለሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሴት ልጅ ሜዳ ምን ታደርጋለች ብሎ የጠየቀኝ የለም።

አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የድሬሰርነት፣ የሐኪም ረዳትነት ትምህርት ተማርኩና ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ አንድ የፈረንጅ ሐኪም በከፈተው ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ብዙ ዓመት አገራችን ኖሮ የሚያውቀው አማርኛ ግን «ያማል?» እና «አይዞህ» ብቻ ነው። የቀረውን በእንግሊዝኛ ይነግረኛል፤ እኔ ለበሽተኛው በሚገባው ቋንቋ እነግራለሁ። በሽተኛው የሚያምነው የሐኪሙን ፊት ሳይሆን የእኔን አፍ ነበር። የቢጫ ለባሾቹ አሠልጣኝ ጋሽ ተሰማ፣ የስፖርት አስተማሪ፣ ይህን ሲሰሙ ክሊኒክ ድረስ መጥተው እሑድ እሑድ ፋሻና ቅባት ይዤ ከተጠባባቂዎቹ ጋር እንድቀመጥ ለመኑኝ። ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ከዛፍ ሥር ተነሥቼ መስመሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው «ባለ ቦርሳዋ» ይለኝ ጀመር።

ያሕያን፣ አላህ ይርሐመው፣ የዚያን ጊዜ ነው በደንብ ያወቅሁት። የጀጎል፣ የግንቡ ውስጥ ልጅ ነው፤ በሥራ ቀን መኪና ግርግር ልብስ ይሰፋል፤ እሑድ በግራ ክንፍ ይጫወታል። የሲንጀር መኪናውን መርገጫ ሲመታ የሚወዛወዘው ያ ቀጭን እግር እሑድ ኳስ ሲያገኝ የሚያደርገውን አይቶ ማመን ይከብዳል። አይሮጥም ነበር ማለት ይቻላል፤ ቆም ይላል፣ ተከላካዩም ይቆማል፣ ከዚያ ተከላካዩ ቆሞ ሲቀር እሱ የለም። ማሊያዎቹን የሚሰፋቸውም እሱ ነው። የመጀመሪያ ጋዋኔንም የሰፋልኝ እሱ ነው፤ ኪሱን ጠለቅ አድርጎ፣ መቀስና ፋሻ እንዲይዝ። ዝም የሚል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነበር። እወደው ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ከተማው በሙሉ ይወደው ነበር፤ የእኔ ከዚያ ምን ያህል ይብለጥ ዛሬም አልመዘንኩትም።

የዚያን ዓመት ከድሬዳዋ ቡድን ጋር የመጨረሻው ጨዋታ ቀረን። ያሸነፈ አዲስ አበባ ሄዶ ከትልልቆቹ ጋር ይጋጠማል። እኛ አንድም ጊዜ ሄደን አናውቅም፤ በየዓመቱ የድሬዳዋ ልጆች በካሚዮን የደንገጎን ዳገት ወጥተው ይመጡና አሸንፈውን እየዘፈኑ ይወርዳሉ። አባባ ከመሞታቸው በፊት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ስለ ቡድኑ ስናወራ ቢጫ ለባሾቹ አዲስ አበባ ሲጫወቱ ሳላይ ልሄድ ነው ብለውኝ ነበር። ጨዋታው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ብዙም በማያስፈልግ ግጥሚያ ላይ፣ ያሕያ ሲዞር እግሩ ተተክሎ ቀረና ወደቀ። ማግሥቱን ጉልበቱ እንደ ቡሆ ተነፍቶ ክሊኒክ መጣ።

ሐኪሙ ጉልበቱን ግራና ቀኝ አነቃነቀው፤ በመርፌ ውኃና ደም ቀዳለት። ከዚያ እጁን እየታጠበ ነገረኝ። ሁለት ወር አይሮጥም አለ። ከዚያ በፊት ከሮጠ ውስጡ ያለው ነገር ይበጠስና ይህ ጉልበት ደግሞ ጉልበት አይሆንም፤ በደንብ አስረጂው አለኝ። ያሕያ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ምን አለ ብሎም አልጠየቀኝም፤ ብቻ አፌን ይጠብቃል።

«ሁለት ሳምንት ዕረፍት አድርግ ብሏል» አልኩት። «ከዚያ በኋላ እንደሚሰማህ ነው።»

ሐኪሙ «አይዞህ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ያሕያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ።

ብዙ ጊዜ ራሴን እንዲህ ብዬ ለማጽናናት ሞክሬያለሁ፤ አፌ አዳልጦኝ ነው፣ ልጅ ነበርኩ፣ ከተማው ሁሉ እሱን ይጠብቅ ነበር። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። ቃሉን ከማውጣቴ በፊት አስቤበታለሁ፤ ካወጣሁ በኋላም ማረም እችል ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ እችል ነበር። በየሁለት ቀኑ ፋሻውን ልቀይርለት ሱቁ ስሄድ፣ አጎንብሼ እያሰርኩ፣ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ። እብጠቱ ቀነሰ። እኔም ሐኪም ተሳስቶ ይሆናል ማለት ጀመርኩ። ጋሽ ተሰማ ፈረስ መጋላ ላይ አስቁመውኝ ሐኪሙ ምን እንዳለ ሲጠይቁኝ ለሳቸውም ያንኑ ደገምኩላቸው። እሳቸውም እግዜር ይስጥሽ ብለው መረቁኝ።

የጨዋታው ዕለት ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። ዛፉ ላይ ከቅርንጫፉ ሰው ይበልጥ ነበር። ያሕያን ሜዳው ጠርዝ አስቀምጬ ጉልበቱን አሸሁት፣ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ያምሃል ወይ አልኩት፤ ትንሽ ትንሽ አለኝ። እስከ ዕረፍት አንድ ለአንድ ነበርን። ከዕረፍት በኋላ ብዙ ሳይቆይ ኳሷ ግራ ክንፍ ላይ ደረሰችው። ቆም አለ። ተከላካዩም ቆመ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባና በዚያው በታመመው እግሩ ቆሞ በሌላው መታት። ኳሷ መረቡን ስትነካ ሜዳው ተነቃነቀ፤ ሰው መስመር ጥሶ ገባ፤ ጋሽ ተሰማ አለቀሱ። እኔ ኳሷን አላየኋትም። የማየው ጉልበቱን ነበር፤ ሲታጠፍ አየሁት፤ ጉልበት ወደማይታጠፍበት ወደ ጎን። ሰዎቹ አቅፈው ያነሡት ለደስታ ነው እንጂ ወድቆ መሆኑን አላወቁም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል በትከሻቸው ላይ ሆኖ እኔን ይፈልግ ነበር።

ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ማግሥቱን ሐኪሙ ጉልበቱን አይቶ ሲያበቃ ቀና ብሎ ነግረሽው ነበር ወይ አለኝ። ነግሬዋለሁ አልኩት። ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው፤ የመጀመሪያውን ያህል እንኳ አላሰብኩበትም።

ቡድኑ አዲስ አበባ በሚሄድበት ጠዋት ካሚዮኑ ፈረስ መጋላ ቆሞ ሰው ይጭን ነበር። ለእኔም ቦታ ተይዞልኛል፤ እናቴ ሳትቀር ስንቅ ቋጥራልኛለች። ወጣሁና ተቀመጥኩ። ከአጠገቤ ያሉት ስለ ያሕያ ጎል ያወራሉ፤ አንዱ ያቺን ጎል ያየ ዓይን ሌላ ምን ይፈልጋል ሲል ሰማሁት። ቦርሳዬን ይዤ ወረድኩ። የረሳሁት ዕቃ አለ ብዬ ነው የወረድኩት። ከዚያ በጀጎል ጠባብ መንገድ ቀጥ ብዬ እነ ያሕያ ቤት ሄድኩ።

እናቱ አይ ዘይነባ፣ ሐረሪዎች እናትን አይ ነው የሚሉት፣ በር ላይ ተቀብለው አስገቡኝ። ቀይ በተቀባው ነደባ፣ እንደ መደብ ባለው ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ፣ ያሕያ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። እናቱ የጀመሩትን ሞሰብ አንሥተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ለምን አልሄድሽም አለኝ። ቆሜ ነገርኩት። ሐኪሙ ሁለት ወር እንዳለ፣ ከዚያ በፊት ከሮጥክ ጉልበትህ አይመለስም እንዳለ፣ ሁለት ሳምንት ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ በኋላም ለሐኪሙ እንደዋሸሁ፣ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኩት። የአይ ዘይነባ ወስፌ ቆመ።

ያሕያ በሁለት እጁ የታመመውን እግሩን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣

«ሁለት ወር ብትይኝም እጫወት ነበር» አለኝ። «ግን አልማዝ፣ የምመርጠው እኔ ነበርኩ።»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። እሱ ወደ እግሩ እያየ ለጊዜው እዚህ ቤት ባትመጪ ጥሩ ነው አለኝ። አይ ዘይነባ ተነሥተው እስከ ግቢው በር ሸኙኝ፤ በሩንም ቀስ አድርገው ነው የዘጉት። ቡድኑ አዲስ አበባ ላይ አራት ለዜሮ ተሸንፎ መመለሱን የሰማሁት ከሰው ወሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ሜዳ አልሄድኩም። ጋሽ ተሰማ ሁለት ጊዜ መጥተው ለምነውኝ የክሊኒኩ ሥራ በዛብኝ አልኳቸው። ያሕያ በዱላ ተነሣ፣ ቆይቶ ዱላውን ጣለ፤ ማነከሱ ግን አብሮት ቀረ። የስፌት መኪናውን በአንድ እግሩ ብቻ መርገጥ ለመደ። ይህን የማውቀው ሰው ነግሮኝ ነው፤ እኔ ጀጎል ስገባ በመኪና ግርግር ላለማለፍ ዙሪያውን እሄድ ነበር። አገባሁ፤ ባለቤቴ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ኳስ አይወድም፤ ለዚህም ይመስለኛል የወደድኩት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሜዳው በኩል ሲሆን ጩኸት ይመጣል፤ ከጩኸቱ ዓይነት ጎል ገብቶብን ይሁን አግብተን አውቃለሁ። መስኮት እዘጋለሁ። ትንሽ ቆይቼ መልሼ እከፍተዋለሁ።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት የበሽተኛ ስም ልጠራ ወጥቼ ሳይ ያሕያ ከእናቱ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አይ ዘይነባ ከስተዋል፤ ሆዳቸው ግን አብጧል። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ወስዶ መረመራቸው። እጁን እየታጠበ ሲነግረኝ ገና በመጀመሪያዎቹ ቃላት ገባኝ። ጉበታቸው ላይ ነው አለ፤ ጥቂት ወር ነው፤ አዲስ አበባ ሄደው በኦፕራሲዮን መቀደድ ይችላሉ፤ እሱ ግን ብዙ ተስፋ አያደርግም፤ በመንገድ ድካምና በአልጋ ላይ የቀረውን ጊዜ መጨረስ ይሆናል። ሳይነግረኝ ያስቀረው ነገር ካለ ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት። የለም አለኝ።

ወደ ያሕያ ዞርኩ። እጁን አነሣና አቆመኝ።

«ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ንገሪያት። አንድም ቃል ሳትቀንሺ» አለኝ።

አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩና በሐረሪ ነገርኳቸው። ጉበቱን፣ ወራቱን፣ አዲስ አበባን፣ መቀደዱን፣ ሐኪሙ ተስፋ አለማድረጉን። እሳቸው ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እጄን ጭብጥ አድርገው፣

«ከባድ ነው አይደል ልጄ፣ እንዲህ መናገር» አሉኝ።

አልቻልኩም፤ አለቀስኩ። አይ ዘይነባ ግን አላለቀሱም። አዲስ አበባ አልሄድም፣ ቤቴ ነው የምሄደው አሉ። የጀመሩት ሞሰብ አለ፤ የልጅ ልጃቸው ሠርግ ከረመዳን በኋላ ነው፤ ለሱ ይደርሳል ብለው ቀን ቆጠሩ። ያሕያ አልተከራከራቸውም። ሲወጡ ደገፍ አደረጋቸው፤ በሩ ላይ ዞር ብሎ አየኝና ራሱን ዝቅ አደረገ።

ሠርጉ ላይ ደረሱ። ሞሰቡንም ጨረሱት። ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። ከባለቤቴ ጋር ለቅሶ ስንሄድ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ያሕያ ካለበት ተነሥቶ እያነከሰ መጥቶ በእናቱ ቦታ አጠገብ አስቀመጠኝ። ዘመዶቹ ማን ናት ሲሉት የእማዬ ሐኪም ናት አላቸው። ድሬሰር ነኝ ልል ነበር፤ ተውኩት።

ስንወጣ እስከ መንገዱ ሸኘን። ግንቡ ጥግ ስንደርስ ሜዳ ትሄጃለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልሄድኩም አልኩት። እሱም እንዳልሄደ ነገረኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ እንደ ትልቅ ጉዳይ አድርጎ፣ እሑድ ከጅጅጋ ልጆች ጋር ጨዋታ አለ፣ ፈቃድዎ ከሆነ አብረን እንሂድ አለው። ባለቤቴ ኳስ እንደማይገባው ተናግሮ ጋዜጣ ይዤ እቀመጣለሁ አለ።

እሑድ ሦስታችንም ሄድን። ጋሽ ተሰማ የሉም፤ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተዋል። ከተጫዋቾቹ የማውቀው ሁለቱን ብቻ ነው። ማሊያቸው ከአዲስ አበባ የመጣ የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ያሕያ ገና ሲያየው ስፌቱ ብብቱ ላይ እንደሚተረተር ተናገረ። ሰው ያሕያን ሲያውቀው ከኋላ እየተንሾካሾከ ቦታ ለቀቀልን፤ አንድ አዛውንት መጥተው ጉልበቱን በእጃቸው ዳሰሱትና ዱዓ አድርገውለት ሄዱ። ቡድናችን በጣም መጥፎ ተጫወተ። የግራ ክንፉ ልጅ ኳስ ባገኘ ቁጥር ይሮጣል፤ ያሕያ ከመቀመጫው እየተነሣ ቁም፣ ቁም እንጂ ይለዋል፤ ልጁ አይሰማም። እኔ ሦስት ጎል ሲገባብን ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስንመለስ ፈላና በር አጠገብ ሻሂ ቤት ደጃፍ የተቀመጡ ሰዎች እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁን። ባለቤቴ ጋዜጣውን አጥፎ ሦስት ለዜሮ ተሸነፉ ሊል አፉን ሲከፍት ያሕያ ቀደመው።

«ተሸነፍን» አለ፤ እኔንም ሊጨምር እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ ነበር።